በግቢ ውስጥ የቆመውን የዛገ ፒክአፕ ከወዳጅ ጋር አድሶ ለሥራ ስለ ማብቃት

በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ በሸራ ወይም በላስቲክ ተሸፍኖ የቆመ አሮጌ ፒክአፕ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ መኪናው የአባት ወይም የታላቅ ወንድም የሥራ መሣሪያ የነበረ፣ እህልና ጨው፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲያመላልስ የኖረ፣ በመጨረሻም አንድ ቀን ፍሬኑ ወይም ሞተሩ እምቢ ብሎ የቆመ ነው። ባለቤቱ ሊሸጠው ሲያስብ የሚሰጠው ዋጋ የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሆንበታል፤ ሊያሠራው ሲያስብ ደግሞ የጋራዡ ሒሳብ ያስፈራዋል። በዚህ መካከል ዓመታት ያልፋሉ፤ ዝገቱ ግን ሥራውን አያቋርጥም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የቆመውን መኪና የማስነሣት አሳብ በነጋዴው ዘንድ ክብደት አግኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ከፍ ያለ ቀረጥ እንዲከፈልባቸው አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚህ የተነሣ ዕቃውን በኪራይ መኪና የሚያመላልስ ባለ ሱቅ ሁሉ በግቢው ወደ ቆመው አሮጌ ፒክአፕ ዐይኑን ቢጥል የሚያስገርም አይሆንም።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ሰው አክስሯል። የከሠሩትም ሰዎች አብዛኞቹ ሥራውን ከቀለሙና ከወንበሩ ጀምረው ወደ ታች የወረዱ ናቸው። ገንዘቡን የሚያድነው የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ይኸውም ከታች ወደ ላይ፣ ከሻንሲው ወደ ቀለሙ፣ ከፍሬኑ ወደ ጌጡ መሄድ ነው። ከዚህ በታች የሚገኘው ማብራሪያ ይህንኑ ሥርዐት ከነምክንያቱ ያስረዳል።

ለምሳሌ የሚሆነን መኪና

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በኢትዮጵያ መንገድ ላይ በብዛት የታወቀውን ቶዮታ ሃይሉክስ መውሰድ ይበቃል። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1968 በጃፓን አገር በሂኖ ፋብሪካ መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ በየጊዜው መልኩ ቢለዋወጥም መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። ገላውና የጭነቱ ሳጥን፣ ማለትም ካሶኒው፣ ከመሰላል በሚመስል ጠንካራ የብረት ሻንሲ ላይ በብሎን የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ ካሶኒውን ፈትቶ በማንሣት የሻንሲውን ጀርባ በሙሉ መመርመር ይቻላል። ሁለት ወዳጆች በግቢ ውስጥ ሊሠሩት የሚደፍሩት መኪና እንዲሆን ያደረገውም ይኸው አሠራሩ ነው።

እንግዲህ አንድ ባለ ሱቅ ከ40 ዓመት በፊት የተሠራ እንዲህ ያለ መኪና ከአባቱ ወርሷል፣ ብየዳ የሚያውቅ ወዳጅም አለው እንበል። በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባቸው የጠላታቸውን የዝገትን ጠባይ ነው።

ዝገት እንዴት ይሠራል?

ብረት ከድንጋይ ውስጥ በእሳት ኃይል የወጣ ነገር ነው፤ ውኃና አየር በአንድነት ባገኙት ጊዜ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ለመመለስ ይሄዳል። ብረቱ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ቀይ ትቢያ ዝገት ይባላል። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው በላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ውስጡን ይጠብቅለታል፤ የብረት ዝገት ግን ብን ያለና ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ ውኃን እንደ ስፖንጅ ይዞ ወደ ውስጥ ያሳልፋል እንጂ አይከላከልም። ከዚህም በላይ ዝገት ከተነሣበት ብረት እጅግ የሰፋ ቦታ ይይዛል። በመሆኑም ሁለት ላሜራዎች በተጋጠሙበት ቦታ ሲገባ እየገፋ ያላቅቃቸዋል፤ ቀለሙንም ከሥሩ ያሳብጠዋል። በላይ የታየች የጥፍር ያህል እብጠት በውስጥ የመዳፍ ያህል ጥፋት ልትሸፍን የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨው ሲጨመርበት ነገሩ ይፋጠናል፤ ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ብረቱ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በአፋር ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልስ የኖረ፣ በምጽዋ ወይም በአሰብ ባሕር ዳር የሠራ፣ ወይም በክረምት መንገዱ ላይ ጨው በሚበተንበት በአውሮጳ አገር ያገለገለ መኪና በደጋው አገር ብቻ ከኖረው ይልቅ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባዋል። ከብት ሲጭን የኖረም እንዲሁ ነው፤ የከብት ሽንት ጨውነት ስላለው ካሶኒውንና ከሥሩ ያለውን ሻንሲ ይበላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ከባሕርም የራቀች ስለ ሆነች በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት። ነገር ግን የክረምት ጭቃ በሻንሲው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ የውኃ መውጫውን ቀዳዳ ስለሚደፍነውም ውስጥ ለውስጥ ያዝገዋል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ለምርመራው የሚያስፈልገው አነስተኛ መዶሻ፣ ሹል ካቻቢቴ፣ ማግኔትና የእጅ ባትሪ ነው። በመጀመሪያ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሻንሲውን በመዶሻ እየነኩ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላ ብረት ግን እንደ ካርቶን ደፈን ይላል። ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ በካቻቢቴ መውጋት ነው፤ ካቻቢቴው ከገባ ብረቱ የለም ማለት ነው። ይልቁንም የኋላው ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ ሻንሲው ከኋላው አክሰል በላይ የሚጎብጥበት ቦታና የመሪው ሳጥን የታሰረበት ቦታ በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። የጭነቱ ሸክምና የሰዎቹ ሕይወት የተንጠለጠለው በእነዚህ ነጥቦች ላይ ነው።

ከሥር በቅርቡ ካትራሜ ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባ መኪና ሲገኝ መልኩ አምሯል ብሎ መደሰት አይገባም፤ ምን እንደ ሸፈነ ተፍቆ መታየት አለበት። በገላው ላይ ደግሞ ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ማስኬድ ነው። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላሜራ ሳይሆን በወፍራም ስቱኮ የተሞላ ነው። የበሩ ታች፣ የካቢናው ወለል፣ ከፊት መስተዋቱ ጎማ ሥር ያለው ጠርዝ ዘወትር የሚበሉ ቦታዎች ናቸው።

ከዚህ ምርመራ በኋላ ዝገቱ በሦስት ክፍል ይመደባል። አንደኛው የላይ ዝገት ነው፤ በብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ሁለተኛው ብረቱን ያጎደጎደ ዝገት ነው፤ ይህ ይጠረጋል፣ የቀረው ውፍረትም ይመረመራል። ሦስተኛው የበሳ ዝገት ነው፤ ይህ ተቆርጦ በአዲስ ብረት ከመተካት በቀር መድኃኒት የለውም። የበሳው ገላው ከሆነ ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ሻንሲው ከላይ በተጠቀሱት ነጥቦች ላይ ከበሳ ግን ሥራው የሁለት ወዳጆች መሆኑ ቀርቶ የባለሙያ ፍርድ የሚጠይቅ ይሆናል። በብዙ ቦታ የበሳ ሻንሲ ያለውን መኪና ለመለዋወጫ ዕቃ ፈትቶ መሸጥ ውርደት ሳይሆን የንግድ ብልሃት ነው።

ከብረቱ ጋር ወረቀቱም ይመርመር። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የሻንሲ ቁጥር ያለበትን ቦታ በመፋቂያ መኪና መንካት፣ ወይም በላዩ ላይ መበየድ ፈጽሞ አይገባም። ቁጥሩ ከጠፋ መኪናው ምንም ያህል ቢያምር ማንነቱን ማስረዳትና ቦሎ ማግኘት ከባድ ችግር ይሆናል።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ ስለ ማስፈር

የመጀመሪያው ብሎን ከመፈታቱ በፊት መዝገብ መከፈት አለበት። በመዝገቡ ላይ ሥራው በሦስት ዐምድ ይከፈላል፤ በአንደኛው ያለዚያ መኪናው መንገድ ላይ ሊወጣ የማይገባው፣ በሁለተኛው ለጥቂት ወራት ሊቆይ የሚችለው፣ በሦስተኛው ለጌጥ ብቻ የሆነው ይጻፋል። ፍሬን፣ መሪ፣ ሻንሲ፣ ጎማና መብራት በአንደኛው ዐምድ ይገባሉ። የወንበር ጨርቅና ራዲዮ በሦስተኛው ይቀመጣሉ። የአንደኛው ዐምድ ድምር ብቻውን የኪስን ዐቅም የሚያልፍ ሲሆን ሥራው ባይጀመር ይሻላል። በባልትና እንደሚባለው መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘቡ በስንት ጊዜ ይመለሳል የሚለው ጥያቄ ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። ባለ ሱቁ ለአንድ ጉዞ 2,000 ብር የመኪና ኪራይ እየከፈለ በሳምንት 3 ጊዜ ዕቃ ቢያመላልስ የሳምንት ወጪው 6,000 ብር ነው። በራሱ መኪና ቢሠራ ለነዳጅ፣ ለዘይት፣ ለጎማና ለፍሬን ሸራ ለአንድ ጉዞ 900 ብር ቢያወጣ የሳምንቱ 2,700 ብር ይሆናል፤ ለኢንሹራንስና ለዓመታዊ ምርመራ በሳምንት 300 ብር ቢመደብ ወጪው 3,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ በሳምንት የሚተርፈው 3,000 ብር ነው። ጥገናው 300,000 ብር ቢፈጅ፣ መኪናው እንደ ቆመ ቢሸጥ ያወጣ የነበረው 60,000 ብርም ቢታከልበት፣ የገባው ገንዘብ 360,000 ብር ሆኖ በ120 ሳምንት፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ከአራት ወር ባልበለጠ ጊዜ ይመለሳል። ጥገናው ከታሰበው አልፎ 450,000 ብር ቢደርስ ግን ገንዘቡ የሚመለሰው በ170 ሳምንት ነው፤ ይህም ከሦስት ዓመት በላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ያንን 60,000 ብር ነው። የወረሰው መኪና በነፃ የተገኘ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ሊሸጥ የሚችል ነገር ሁሉ ካፒታል ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ቁጥር በእነዚህ ቦታ አስገብቶ ቢያሰላ የሚጠቅመውን መልስ ያገኛል።

የወዳጅ ድርሻ

የዚህ ዓይነቱን ሥራ ለብቻ መሥራት አይቻልም ባይባልም አይመከርም። ካሶኒውን ለማንሣት፣ ፍሬኑን አየር ለማስወጣት፣ በብየዳ ጊዜ የእሳት ፍንጣሪ ለመጠበቅ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ አንድ ሰው የለመደውን ጉድለት ሌላው ያይለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ሆኖም ወዳጅነት ሒሳብን አይሽርም። የገጠሩ ሰው በወንፈል ሲሠራ የተቀበለውን የጉልበት ቀን በጉልበት ቀን እንደሚመልስ ያውቃል፤ ከተሜው ግን ብዙ ጊዜ የወዳጁን እሑድ እንደ ስጦታ ይቆጥርና በመጨረሻ ቅሬታ ያተርፋል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ሦስት ነገሮች መወሰን አለባቸው። አንደኛ፣ ወዳጁ የሚሠራው በወንፈል ነው፣ በደመወዝ ነው ወይስ በሽርክና? ሁለተኛ፣ መሣሪያ ቢሰበር ወይም ዕቃ ቢበላሽ የሚተካው ማን ነው? ሦስተኛ፣ መኪናው ሲያልቅ ወዳጁ የመጠቀም መብት አለው? ቢኖረውስ በምን ያህል? ወዳጁ ገንዘብ ካዋጣ ጉዳዩ ከወንፈል ወጥቶ ወደ ሽርክና ገብቷልና ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ስምምነት የ20 ዓመት ወዳጅነት ያድናል።

ሥራው በምን ጊዜና በምን ተራ ይሠራል?

ለሥራው የተመቸው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ያለው በጋ ነው። የተጠረገ ብረት በክረምት አየር ቢያድር በማግሥቱ እንደገና ቀይ ይሆናል፤ ቀለምም በእርጥበት ላይ አይዝም። ሥራው በጥቅምት ተጀምሮ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ የሻንሲው ቀለም እንዲያልቅ መታቀድ ይገባዋል።

መፍታት። ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ብሎንና ዳዶው ስሙ በተጻፈበት ከረጢት ይቀመጥ። የዛገውን ብሎን በኃይል መስበር ቀላል ነው፤ የተሰበረውን ማውጣት ግን ቀን ይፈጃል። ስስ ዘይት እየጨመሩ ሁለት ሦስት ቀን መታገሥ፣ ካልሆነም ዳዶውን በእሳት አሙቆ መፍታት ይሻላል። እሳት ከመነሣቱ በፊት ግን የቤንዚኑ ታንክ ከመኪናው ወርዶ ከግቢው ጥግ መራቅ አለበት። ባዶ የሚመስል የቤንዚን ታንክ በውስጡ ተን ስላለው ከሞላው ይልቅ የሚፈነዳ ነው። ታንክን በቤት ውስጥ መበየድ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። መኪናውም በክሪክ ብቻ ወይም በብሎኬት ላይ ተነሥቶ ሰው ከሥሩ አይግባ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ለዚህ የሚሆን ጠንካራ የብረት ማቆሚያ መግዛት ወይም ማስበየድ የመጀመሪያው ወጪ መሆን ይገባዋል።

ዝገቱን ማስለቀቅ። ለሻንሲው ብረት ብሩሽ፣ መፋቂያና ብርጭቆ ወረቀት ይበቃሉ። ለትናንሽ ዕቃዎች በኤሌክትሪክ ማስለቀቅ የተመቸ ነው፤ በፕላስቲክ በርሜል ውኃ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይሟሟል፣ የዛገው ዕቃ ከባትሪ መሙያው ነጋቲቭ ጋር፣ አንድ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ደግሞ ከፖዚቲቩ ጋር ይያያዛል። በፖዚቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት መጠቀም መርዛም የክሮም ውሕድ ስለሚያወጣ አይፈቀድም፤ በሶዳ ፈንታም የምግብ ጨው መጠቀም መርዛም ጋዝ ያስከትላል። ሥራው ተቀጣጣይ የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ በደጅ፣ ከእሳት ርቆ ይሠራ። የባሌስትራ ቅጠልና ሌላ የጠጠረ ብረት በዚህ ዘዴ ተሰባሪ ሊሆን ስለሚችል አይግባበት።

ብየዳ። የገላው ላሜራ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ በወፍራም ኤሌክትሮድ ቢበየድ ይበሳል። በጋዝ በሚከለል ሽቦ ወይም በአሴቲሊን፣ በአጭር በአጭሩ እያቆራረጡ፣ ሙቀቱ እየበረደ መሥራት ያስፈልጋል። አዲስ ላሜራ በዛገ ላሜራ ላይ መለጠፍ ግን ዝገቱን ቤት ሠርቶ ማኖር ነው፤ የተበላው እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ተቆርጦ ይውጣ። የባትሪው ሽቦ አስቀድሞ ይፈታ፤ ውኃ የሞላ ባልዲና የእሳት ማጥፊያ ከወዳጁ እጅ አይራቁ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ያሳምማልና ሽፋኑ አስቀድሞ ይፋቅ።

ፍሬን። ለዓመታት የቆመ መኪና ፍሬኑ አልሠራም ተብሎ ይቆጠር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መመዘኛው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ ሲወረድ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ጭነት ይዞ ፍሬን ሲረገጥ ያረጀ ዘይት ቢፈላ በቱቦው ውስጥ ተን ይሞላል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ዘይቱ፣ የጎማ ቱቦዎቹና በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉት ጎማዎች በሙሉ ይለወጡ። የብረት ቱቦውን በተራ የመዳብ ቱቦ መተካት መዳቡ በንቅናቄ ብዛት ስለሚሰነጠቅ አደገኛ ነው። የቆየ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ትቢያው በአየር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ሞተር። ለረዥም ጊዜ የቆመውን ሞተር በሞተሪኖ ለማስነሣት መቸኮል ጉዳት ያስከትላል። ካንዴላዎቹን አውልቆ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ማሳደር፣ ከዚያም በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ይገባል። ካርቡራተሩ ከውጭ አገር አዲስ የተገዛ ከሆነ ለባሕር ጠረፍ አየር የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ነዳጅም ያባክናል። እንዲህ ሲሆን ሞተሩን ከመውቀስ በፊት ካርቡራተሩ ለከፍታው መስተካከሉ ይታይ።

ቀለም። ከሁሉ በኋላ የሚመጣው ይህ ነው። በንጹሕ ብረት ላይ በመጀመሪያ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ በመጋጠሚያዎቹ ውኃ የማያስገባ ማሸጊያ፣ ከዚያም የላይኛው ቀለም ይቀባል። በሻንሲውና በበሮቹ ውስጥ ባሉት ክፍት ቦታዎች ሰም የመሰለ መከላከያ ይረጫል፤ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹም ክፍት ሆነው ይቀራሉ። በዚህ ፈንታ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ነገር ግን ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማውን ያበላሻል፣ በዝናብ ታጥቦም የግቢውን መሬት ይመርዛል።

መኪናው ሲያልቅ በመጀመሪያ ባዶውን በሜዳ መንገድ፣ ቀጥሎ በትንሽ ጭነት ይፈተን፤ ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላም ብሎኑ ሁሉ እንደገና ይጠበቅ። ቦሎ መውሰድ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ለአስመጪዎችና ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች

ይህ ሥራ ለንግዱ ዓለም የሚነግረው ነገር አለ። በግቢው መኪና የሚያድስ ሰው ሞተር ወይም ካምቢዮ የሚገዛው በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢሆን ነው፤ ዘወትር የሚፈልገው ግን ትናንሹን ዕቃ ነው። የፍሬን ሲሊንደር ጎማ፣ የባሌስትራ ቡሽ፣ የመስተዋት ጎማ፣ የዘይት መከላከያ ቀለበት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ በልኩ የተቆረጠ ላሜራ የመሳሰሉትን ለማግኘት ከሶማሌ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ለአንድ የታወቀ የመኪና ዓይነት እነዚህን በአንድነት አዘጋጅቶ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ደንበኛውን ከብዙ ድካም ያሳርፋል፤ ራሱም ቶሎ የሚዞር ዕቃ ያገኛል።

አስመጪውም ሆነ ባለ ሱቁ ለሁለት ነገሮች መጠንቀቅ አለባቸው። አንደኛው የዕቃው ዕድሜ ነው። ጎማ ሳይሠራበትም በመጋዘን ያረጃል። በመኪና ጎማ ጎን ዶት ከሚለው ምልክት በኋላ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና እ.ኤ.አ. ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ዕድሜው የገፋ ጎማ ጭነት ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል ነጋዴው ይህን ለገዢው ደብቆ መሸጥ የለበትም። ሁለተኛው የብሎን ጥንካሬ ነው። በብሎኑ ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚሉት ቁጥሮች የጥንካሬውን ደረጃ ይገልጣሉ። ለባሌስትራ፣ ለመሪና ለፍሬን የሚሆነውን ብሎን ምልክት ከሌለው ከተራው ጋር በአንድ ሳጥን ቀላቅሎ መሸጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የሚያስከትለው ጥፋት ግን ከብሎኑ ዋጋ ጋር አይመዛዘንም።

በመጨረሻም አሮጌ ፒክአፕ አድሶ ለሥራ ማብቃት የሚያዋጣው ዝገቱን ከሥር አይቶ፣ ሒሳቡን በወረቀት አስፍሮ፣ ከወዳጁ ጋር ውሉን አስቀድሞ ለጨረሰ ሰው ነው። ሻንሲው ጤነኛ፣ ፍሬኑ የታመነ መኪና ቀለሙ ቢደበዝዝም በየሳምንቱ የኪራዩን ብር ለባለቤቱ ያተርፋል። አብረቅራቂ ቀለም የተቀባ፣ ሻንሲው ግን የተበላ መኪና ግን የጫነውን ዕቃ፣ የገባበትን ገንዘብና የተሳፈረበትን ሰው በአንድ ቁልቁለት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በግቢው የቆመ ፒክአፕ ያለው ነጋዴ ቀለም ሊመርጥ ከመሄዱ በፊት መዶሻና የእጅ ባትሪ ይዞ ከመኪናው ሥር አንድ ሰዓት ቢተኛ ሳይሻለው አይቀርም።